የእናትየዋ ክዳን

ሟቹ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። ከጣቶቹ ጫፍ ራቅ ብሎ፣ ጠረጴዛው መሐል ላይ፣ ክዳን ያለው ትልቅ የሾርባ ሳህን ተቀምጧል። ሳህኑ እንደ ወተት ነጭ ነው። ሆዱ ዙሪያ ጅራተ መንታ ሰማያዊ ወፎች በአፋቸው ቀይ ፍሬ እንደያዙ ይበራሉ። የጠረጴዛው ልብስ ከሟቹ ደረት እስከ ሳህኑ ድረስ ተጨማዷል።

«ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለች መርፌ ከበሩ ሳትገባ።

ይህን ያለችው በተለይ አብሯት ለመጣው ሃምሳ አለቃ ነው። ሰውየው ልቡ ቅን ነው፤ እጁ ግን በሄደበት ሁሉ አንድ ነገር ሳይሰብር አይመለስም። ክፍሉ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ በሸክላ ሳህን የተሞላ ነበር።

«አንተ እጅህን ኪስህ ክተት።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

መርፌ ብለው ስም ያወጡላት የወንጀል ምርመራ ባልደረቦቿ ናቸው። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ፊቷ ተቀምጦ ቃሉን የሰጠ ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ መሆኑን አይስተውም። ኢንስፔክተር ከሆነች ጀምሮ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንዲህ አምሮ በተዘጋጀ ማዕድ ላይ የሞተ ሰው ግን አላጋጠማትም። ሟቹ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙን ተላጭቷል፣ ሽቶ ተቀብቷል። አጠገቡ ግማሽ ድረስ የተጠጣ የሻይ ኩባያ አለ።

ሬሳውን ያገኘችው የቤት ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ተቀምጣ በሻርፕዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። መርፌ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አይዞሽ እህቴ። ትናንት ከሰዓት እዚህ አልነበርሽም?»

«ራሳቸው ናቸው ሂጂ ያሉኝ። እንግዳ አለብኝ አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ጠዋቱን ሙሉ ሲያንጎራጉሩ ነው የዋሉት።»

«እንግዳው ማን ነው?»

«አልነገሩኝም። ‹እናትየዋ ልትመጣ ነው› ብቻ ነው ያሉኝ።»

«የማን እናት?»

ሠራተኛዋ በጣቷ ወደ ምግብ ክፍሉ አመለከተች። «ያቺ። ሳህኗ ናት።»

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ ትራንዚተሩ እያለ ነው የሚጠራው። የዕቃ ማስለቀቅ ሥራውን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር ሕይወቱ፤ መንታ ጅራት የሚባለውን ሸክላ መሰብሰብ። የሠራው ፋብሪካ ድሮ ተቃጥሎ ስለተዘጋ ያለው እዚያና እዚህ የቀረው ብቻ ነው። ትራንዚተሩ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣ ከጨረታ፣ ከመበለት ቁም ሳጥን እየለቀመ ያመጣል። አንዲት የኩባያ ማስቀመጫ ያገኘ ቀን ድምፁ ከበር ላይ ጀምሮ ይሰማል። ሳህኗን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንደ ታጠበ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ ነው የሚገባው። ሰብሳቢዎቹ ትልቋን የሾርባ ሳህን እናትየዋ ይሏታል፤ ሌሎቹ ሁሉ ማዕድ ላይ እሷን ከበው ስለሚቀመጡ ነው። እሷን ግን ማንም አግኝቷት አያውቅም ነበር።

«ጥርስ የነከሰባቸው ሰው አለ?» አለች መርፌ።

«ጥርስ እንኳ...» ሠራተኛዋ ወደ በሩ አየት አደረገች። «የወንድማቸው ልጅ አለ፤ ወርቅ ሠሪው። ‹ሳህን ስታቅፍ ትሞታለህ› ብሏቸዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላዋ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ናት። እሷም ትሰበስባለች። ባለፈው ጨረታ ላይ አንዲት ማንቆርቆሪያ ከእጇ ነጥቀዋት፣ ‹እናትየዋን ሳያዩ ዓይንዎ ይፈሳል› አለቻቸው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

መርፌ ልትነሳ ስትል የዕቃ ማድረቂያው ላይ ዓይኗ አረፈ። አንድ ነጭ ጨርቅ በሥርዓት ታጥፎ ተነጥፎበታል፤ በላዩ አንድ ኩባያ ተደፍቷል፤ እጀታው ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«ይሄን አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! እኔ መስቀያው ላይ ነው የማንጠለጥለው። ይሄ የድሮ ትልቅ ቤት ሠራተኞች አጣጠብ ነው። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም።»

ስለዚህ እንግዳው መጥቷል፣ ሻይ ጠጥቷል፣ የጠጣበትንም አጥቦ ሄዷል።

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ያን ዕለት ከሰዓት ደወለላት። ድምፁ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

«ኩባያው ውስጥ መርዝ አለ። ወርቅ በሚቀቡ ሰዎች ሥራ ቤት የሚገኝ ዓይነት ነው።»

«ወርቅ ሠሪ ጋ?»

«ወርቅ ሠሪ ጋ ይኖራል። ይሄ ግን የእኔ ሥራ አይደለም፤ ያንቺ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ኮፍያውን አንስቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር የጠበቃት።

የወንድም ልጅየው ሱቅ ጠባብ ነው። መስታወቱ ሥር ቀለበትና ሐብል ተደርድሯል፤ ጓዳው ውስጥ ማቅለጫና ብልቃጥ ይታያል። አጎቱ መሞቱን ሲነገረው ደነገጠ፤ መርዝ መሆኑን ሲሰማ ግን ላብ አጠመቀው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሱቄ ውስጥ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከምዘጋ።»

መርፌ አንገቷን ነቀነቀችና ወጣች። ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ ሳይጠየቅ ነበር አፉ የተከፈተው። ሱቁ ከምሳ በኋላ ተዘግቶ እንደዋለ፣ ደንበኞችም እየመጡ እንደተመለሱ ተናገረ። መርፌ ተመልሳ ገባች።

«በል ቁልፍህን ያዝና ተነስ።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ አልገደልኩትም!»

«ገደልከው አላልኩም። ዋሽተሃል ነው የምለው።»

«ቁርጥ እሱ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው መኪና ውስጥ። «መርዙ አለው፣ ወራሽ ነው፣ ዋሽቷል። ሌላ ምን ቀረን?»

«ኩባያው» አለች መርፌ። «ይሄ ልጅ በሕይወቱ ኩባያ አጥቦ የሚያውቅ ይመስልሃል?»

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሯን ወደ ሟቹ ቤት አስጠራቻት። ትምህርት ቤት ስትመራ ኖራ በጡረታ የተገለለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረዥም ሴት ናት። ሲያይዋት ተማሪ ልትገሥጽ የመጣች ነው የምትመስለው። የምግብ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ግን ደፉን ሳታይ ተደናቀፈች። ሃምሳ አለቃው እጁን ከኪሱ አውጥቶ ደገፋት።

«እናትየዋ» አለች በሹክሹክታ። «እናትየዋ ናት! እውነት ናት!»

ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ሳትነካት ጎንበስ ብላ ዙሪያዋን አየቻት፣ ወፎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እንባዋ መነጽሯ ላይ ጠብ አለ። መርፌ ይህች ሴት ጠላቷ የሞተበት ክፍል ውስጥ መሆኗን ጨርሳ እንደረሳች ገባት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች ዳይሬክተሯ ኋላ ራሷን ሰብስባ። «ዕድሜዬን ሙሉ ነው የፈለግኳት። እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም። አሮጌ ዕቃ መሐል ያቺን ሰማያዊ ክንፍ ስታይ... የጠፋ ልጅሽ ከሰው መሐል ስምሽን የጠራ ነው የሚመስልሽ።»

«ሟቹ ላይ ዝተዋል ይባላል።»

«ዝቻለሁ። ማንቆርቆሪያዬን ቀምቶኛል። እንኳን ያኔ አሁንም አልማርኩትም።» መነጽሯን ጠርጋ መልሳ አደረገችና መርፌን ፊት ለፊት አየቻት። «ግን አስቢው እንጂ ልጄ። እኔ ብገድለው ኖሮ እሷን እዚህ ትቻት እወጣ ነበር?»

መርፌ ሳህኗን ደግማ አየቻት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲቆረቁራት የነበረው ነገር ይሄው ነበር። እናትየዋን ያመጣ ሰው እናትየዋን ትቶ ሄዷል። ሳህን የሚወድ ቢሆን ይዟት ይሄዳል፤ ሳህን የማይወድ ቢሆን ከየት ያገኛታል?

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ዳይሬክተሯ ወደ ክዳኑ እየጠቆመች። ክዳኑ ጫፍ ላይ፣ መያዣ እንዲሆን፣ ጣት የምታህል ወፍ ተቀምጣለች። «ሳህኗ እውነተኛ ናት። ክዳኑም እውነተኛ ነው። ይቺ ወፍ ግን አዲስ ናት። ድሮ ተሰብራ ሰው ሠርቶ የተካት ናት። አቤት ግን አሠራሯ! እንደኔ ያላበደ ሰው አይለያትም።»

መርፌ ክዳኑን በጥጥ ጠቅልላ ራሷ ያዘችው። ለሃምሳ አለቃው አልሰጠችውም።

ጣቢያ ስትደርስ የወንድም ልጅየው አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት።

«ልናገር» አለ። «ግን ሚስቴ እንዳትሰማ።»

«የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል። ማዋለጃ ክፍል።»

«ሚስትህ ወልዳለች እንዴ?»

«ሚስቴማ አልወለደችም» አለ ወለሉን እያየ።

ሃምሳ አለቃው ሳል ያዘው። መርፌ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። አዋላጇ ስለ እሱ እንደተጠየቀች ነበር የሳቀችው። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያ እንደነበረ፣ ሕፃኗን ሲያይ ራሱን ስቶ ወድቆ እሱን ለማንሳት ከእናቲቱ ምጥ የበለጠ እንደተቸገሩ ተናገረች። መርፌ ልጁን ለቀቀችው።

ሳይመሽ፣ ገና ፀሐይ ሳለች ክዳኑን ይዛ የሐኪሙ ክፍል ገባች። ሐኪሙ ወፏን አገላብጦ አያት። ከዚያ መጋረጃውን ሳበና ደምና ሌላ ፈሳሽ የሚፈልግባትን ሐምራዊ መብራት አበራ።

ክዳኑ ጨለማ ውስጥ ገባ። ወፏ ብቻ ቦግ ብላ በራች፤ ነጭ፣ ሰማያዊ ያለበት፣ ሕይወት ያላት የሚመስል ብርሃን።

«እንዴ!» አለ ሐኪሙ። ጉንፋኑ የጠፋ መሰለ። «ተከተይኝ።»

ሬሳው ያለበትን መሳቢያ ከፈተ፤ የሟቹን ከንፈር በጓንት ገለጥ አድርጎ መብራቱን አቀረበ። የትራንዚተሩ የፊት ጥርሶች ልክ እንደ ወፏ በሩ።

«ሰው ሠራሽ ናቸው» አለ። «የጥርስ ሸክላ ውስጥ የሚያበራ ነገር ይጨመርበታል፤ የተፈጥሮ ጥርስ እንዲመስል። የገበታ ሸክላ እንዲህ አያበራም። ወፏና ጥርሶቹ የአንድ ምድጃ ልጆች ናቸው።»

መርፌ የቤት ሠራተኛዋ ጋ ደወለች። ጌታዋ ጥርሳቸውን የት አሠሩ? ሠራተኛዋ ክሊኒኩን ነገረቻት፤ ቀጥላም፣ «ሠሪዋን ሲያወድሷት አይጠግቡም ነበር፤ እጇ ወርቅ ነው ይሉ ነበር» አለች።

የክሊኒኩ ጓሮ ያለው ሥራ ክፍል በጂብሰም መንጋጋ የተሞላ ነው። መደርደሪያው ላይ የማንም ያልሆኑ ፈገግታዎች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ከዳቦ ሳጥን የማትበልጥ ምድጃ ታንሾካሹካለች፤ አጠገቧ የወርቅ መቀቢያ ብልቃጦች አሉ። ጥርስ ሠሪዋ ቴክኒሻን ነጭ ጋወን ለብሳ በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብላ አንዲት ጥርስ ትቀባለች። ወደ አርባው የተጠጋች፣ ፊቷ የረጋ ሴት ናት።

«ትራንዚተሩ የሞተ ዕለት ከሰዓት የት ነበርሽ?» አለቻት መርፌ።

«እዚሁ። ምድጃው እየሠራ ነበር። ዶክተሩን ጠይቂው፤ ድምፁ እሱ ክፍል ድረስ ይሰማል።»

«ሰምቷል፤ ጠይቄዋለሁ። ምድጃው ሲሠራ ሰው ይፈልጋል?»

ቴክኒሻኗ ብሩሿን አስቀመጠች። «አይፈልግም።»

መርፌ ጥጡን ፈታ ክዳኑን ፊቷ አኖረችው። ሴትየዋ አልደነገጠችም። ጎንበስ ብላ ወፏን አየቻት፣ ልክ የሰው ሥራ እንደምትገመግም።

«ጅራቷ ላይ ቸኮልኩ» አለች። «ጊዜ ባገኝ የበለጠ አሳምራት ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ቆመ። እሷ ግን መሄጃ የምትፈልግ አትመስልም ነበር። ለመርፌ ወንበር አቀረበችላት።

«የፊት ጥርሱን ሊያሠራ መጣ። ቀለሙን ለማመሳሰል መስኮት አጠገብ አስቀምጬ እኔ ነኝ የማየው። ወሬ ይወዳል። ስለ ሳህኖቹ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ይሞላል። ደግ ሰው መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ‹እንዴት ጀመሩት?› አልኩት አንድ ቀን። ሳቀ። ወጣት ሆኖ አማቱ ቤት ይኖር ነበር። አማቱ ሐኪም ነው፤ ሙሉ የመንታ ጅራት ገበታ ነበረው። እሱ ቁማር ይጫወታል። ሳህኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሸጣቸው። ሲታወቅ፣ ‹ሠራተኛዋ ናት› አለ።»

ወደ ምድጃው ዞረች። ምድጃዋ ቀጭን ፉጨት አሰማች።

«‹እንዴት እንዳየችኝ ብታዪ› አለኝ። ‹አፏን ከፍታ ቀረች፤ እንደ ዓሣ!› ብሎ አፉን ከፍቶ አሳየኝ። እኔ ሠርቼ ለሙከራ የገጠምኩለትን ጥርስ እያሳየ ነው የሳቀው። ለጓደኞቹም እንደሚያወራላቸው፣ ሁሌም ሆዳቸውን ይዘው እንደሚስቁ ነገረኝ።»

«ሠራተኛዋ እናትሽ ናት።»

«እስር ቤት ሳንባዋን ታማ ሞተች። አክስቴ አሳደገችኝ። የሌባ ልጅ ይሉኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት፣ ውሃ ስቀዳ፣ ሰው ቤት ስገባ። የሐኪም ቤት፣ ሰማያዊ ወፍ ያለበት ሳህን... አክስቴ ይሄንን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። ጥርሱን አጣብቄ፣ ‹ይንከሱ እስቲ› ብዬ ሸኘሁት።»

«ለምን ወደ እኛ አልመጣሽም?»

«ምን ልል? አንድ ሽማግሌ ሲስቅ ሰማሁ ልበል?»

መርፌ ክዳኑ ላይ ያለችውን ወፍ በጣቷ ነካቻት።

«የሚፈልገው እናትየዋን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ፈለግኋት። ዕረፍቴን ሁሉ አሮጌ ዕቃ ተራ ዋልኩ። አንድ ቀን የዛገ ካውያ ክምር ሥር ሰማያዊ ክንፍ አየሁ። ወፏ የለችም፤ ሌላው ደህና ነው። ሻጩ እስኪደነግጥ ጮህኩ። ኢንስፔክተር፣ ደስታዬ! ለምን እንደምፈልጋት እንኳ ረሳሁት። አቅፌያት ስሄድ ነው የባነንኩት። ለካ እሱም እንዲህ ነው የሚሰማው፤ ይሄንን ሁሉ ደስታ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣው ኖረ፤ እናቴ አፈር ውስጥ ሆና። ያን ዕለት የጠላሁትን ያህል በሕይወቴ ሰው ጠልቼ አላውቅም።»

«ወፏን ሠራሽላት፤ ከዚያ ይዘሽለት ሄድሽ።»

«መጀመሪያ ደስ እንዲለው ፈለግኩ። እስኪጠግብ። ተንበርክኮ ነው ያለቀሰው። ሻይ ቀዳሁለት። ‹የዚያች ሠራተኛ ስም ማን ነበር?› አልኩት። ‹እኔ እንጃ፣ ይሄን ማን ያስታውሳል!› አለኝና ጠጣ። ሲጠጣ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«እጁን ዘረጋ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። ለካ እናትየዋን ወደ መሐል እየገፋት ነው፤ ሲወድቅ እንዳይሰብራት።»

ሃምሳ አለቃው ፊቱን አዞረ።

«ሁሉንም ልትሰባብሪው ትችይ ነበር» አለች መርፌ ቀስ ብላ።

«መዶሻ ይዤ ነበር የሄድኩት። አንዱን ሳህን አነሳሁ። ያኔ እናቴ ያጠበችው ይሄንን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እጄ እምቢ አለኝ። የጠጣሁበትን ኩባያ አጥቤ ወጣሁ፤ እሷ አክስቴን እንዳስተማረቻት፣ ጨርቅ ላይ ደፍቼ።»

ጋወኗን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለች፤ ምድጃውን አጠፋች፤ እጇን ዘረጋች።

ጉዳዩ በዚህ ይዘጋል። ገዳይዋ ተገኝታለች፣ አምናለች፣ ማስረጃው ሞልቷል። አለቆቿ መርፌን አመሰገኗት። እሷን ግን እንቅልፍ ከለከላት። ሬሳው አይደለም፤ ሳቁ ነው የከለከላት። በሚቀጥለው ቀን የዳይሬክተሯን በር አንኳኳች።

«ትራንዚተሩ ስለ አማቱ ሠራተኛ የሚያወራውን ሰምተዋል?»

«ማን ያልሰማ አለ? ስንሰበሰብ ሁሉ ያወራዋል።»

«ስቀዋል?»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። 

«ስቀዋል ወይ እማማ?»

«ስቄያለሁ» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው የሰሙትን ቃል በቃል ይሰጡኛል፤ መሳቅዎንም ጭምር። ሌሎቹም ይሰጡኛል።»

«ሴትየዋ ሞታለች። ሰውየውም ሞቷል። ለማን ይጠቅማል?»

«እሷ ሌባ ተብላ ነው የሞተችው» አለች መርፌ። ድምፅዋ የራሷ እስከማይመስላት ድረስ ጠንክሯል። «እርስዎ ደግሞ እውነቱን እያወቁ የሱን ሻይ ይጠጡ ነበር። ያንን ከሚያስረሳኝ ሰው ጋር ገና አልተገናኘሁም።»

ሁሉንም አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው፤ የወንድም ልጅየውንም፣ ሌሎቹንም ሰብሳቢዎች። ያፈረ ነበር፣ የተቆጣ ነበር፣ ባለሥልጣን ዘመዱን የጠራባት ነበር። ማንንም አልለቀቀችም። ሃምሳ አለቃው እንኳ፣ «አለቃ፣ የቆየ ነገር ነው፤ ትንሽ ለስለስ ብትይላቸው» ቢላት፣ «አንተ እጅህን ኪስህ ክተት» ብላ ዝም አሰኘችው። በቃላቸው መሠረት ያረጀው ክስ ተከፈተ፤ የቴክኒሻኗ እናትም ከስርቆቱ ንጹህ መሆኗ ተወሰነ።

ውሳኔውን መርፌ ራሷ ወደ እስር ቤት ወሰደችው። ቴክኒሻኗ ከፍርግርጉ ወዲያ ቆማ አነበበችው። የእናቷ ስም ያለበት ቦታ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት፤ ቆየች። አላለቀሰችም።

«አመሰግናለሁ» አለች።

«ይሄንን ቀድሞ እሱ ራሱ ቢፈርምልሽ ኖሮ...» መርፌ ፍርግርጉን ያዘች። «ትተይው ነበር?»

ሴትየዋ አሰበች። ለጥያቄው የሚገባውን ጊዜ ሰጥታ ነው ያሰበችው፤ ውሸት ላለመናገር እንደሚጠነቀቅ ሰው።

«አይ» አለች። «አልተወውም ነበር።»

ጠባቂዋ መጣች፤ ሴትየዋ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጥፋ ያዘችና፣ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ውስጥ ገባች።